ከቤት ቁጥር ዘጠኝ ማንም አልሞተም

ቴኦፊል ኒየዶሚያራ በግሩሾቫ መንደር ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ አድሏል። መንገዱ ደህና ሲሆን በብስክሌት፣ በረዶ ሲጥል በእግሩ ይዞር ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ደብዳቤ አልጠፋበትም፤ ለአንዱ የተላከ ቴሌግራም ተሳስቶ ሌላው ቤት አልገባም። ሥራው የሰው ስም ማንበብ ነበር። ከሁሉም ስም የሚያፍርበት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የራሱ።

ኒየዶሚያራ በእነሱ ቋንቋ ጎደሎ ስፍር ማለት ነው። እህል ሻጩ ቁናውን ሳይሞላ ሲያቀብልህ፣ ያ ነው ኒየዶሚያራ። ቴኦፊል ልጅ ሳለ ቁመቱ አጠር ያለ ስለነበር የትምህርት ቤት ጓደኞቹ «እናትህም ሳትሞላ ነው የሰፈረችህ» ይሉት ነበር። ወታደር ቤት ሲገባ ደግሞ ጭልፋ የያዘው ባልደረባው «ለኒየዶሚያራ ሙሉ መቅዳት ስሙን መስደብ ነው» እያለ ሾርባውን ግማሽ ያደርግለታል። ሰልፉ ይስቃል፤ ቴኦፊልም አብሮ ይስቃል፤ ግማሹን ይዞ ይሄዳል።

አባቱ ግን በስሙ ይኮራ ነበር። ማታ ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ለሁለቱ ወንዶች ልጆቹ የሚያወራው ወሬ አንድ ነበር። ድንቹ ማሳው ላይ በበሰበሰበት በታላቁ ረሃብ ዘመን፣ መንደሩ የመሬት ጌታው ጭሰኛ ሳለ፣ ሺሞን የሚባል ቅድመ አያታቸው ነበረ። ከከተማ ለተራቡት የተላከ እህል በጌታው ጎተራ በኩል ሲታደል ሺሞን ወደ ፊት ወጣ አሉ። ቁናውን ከፍ አድርጎ «ይህ ጎደሎ ነው» አለ አሉ። ሌላው አንገቱን ሲደፋ እሱ ብቻ ተናገረ። ጌታው አስገረፈው፤ ሕዝቡ ግን ያችን ቃሉን ስም አድርጎ ሰጠው። «ስለዚህ» ይላል አባትየው፣ «ሲስቁባችሁ የሚስቁት በድፍረት ላይ ነው።»

ታላቅ ወንድሙ ኤድመንድ በዚህ ወሬ አልተጽናናም፤ ወይም ከመጀመሪያውም አላመነውም። ወደ ድንጋይ ከሰሉ አገር ሄዶ ሥራ ሲይዝ አስቂኝ ስም ላለው ሰው መንግሥት ስም መለወጥ ይፈቅድ ነበርና ዶሚርስኪ ተብሎ ተመለሰ። አባቱ ከዚያ በኋላ ኤድመንድን በስም ጠርቶት አያውቅም፤ «ያ የከሰል አገሩ ሰውዬ» ይለው ነበር። ቴኦፊል ስሙን ይዞ ቀረ። አንድ ሰው መያዝ ስላለበት ነው እንጂ ወዶት አልነበረም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሌኦካድያ ግዚልን ወደደ። ቤት ቁጥር ሃያ ሦስት ትኖር ነበር፤ እጇ የፕለም ፍሬ ሲለቅም የሚዘፍን የሚመስል፣ አፏ ግን የማያዝን ልጅ ነበረች። እሷም ጠልታው አልነበረም። በባህላቸው መሠረት አንድ ጠርሙስ ቮድካና አንድ አጎት ይዞ ሊጠይቅ ሄደ። አባቷ አንድሬይ ግዚል ጠርሙሱን ገበታው ላይ እንኳ አላስቀመጠውም።

«ጠርሙስህን ይዘህ ተመለስ» አለው። «ልጄ ያንተን ስም ተሸክማ አትኖርም።»

ቴኦፊል የገባው እንደ ሁልጊዜው ነበር። አስቂኝ ስም ነው፤ ማን ሴት ልጁን ጎደሎ ስፍር ብሎ ይድራል? ሌኦካድያ በሚቀጥለው ዓመት የወፍጮ ቤቱን ልጅ አገባች። እሱም ከማዶ መንደር ስቴፋንያን አመጣ። ስቴፋንያ ደግ ሴት ነበረች፤ ስሙን ሰምታ ሳቀችና «እኔም አጭር ነኝ፤ እንገጣጠማለን» ብላ ገባች። አንድ ልጅ ወለዱ፤ ቪቶልድ አሉት።

ቪቶልድ ጎበዝ ነበር። የመድኃኒት ትምህርት ተምሮ በትልቁ ከተማ በቭሮትስዋፍ ሥራ ያዘ፤ እዚያው አጋታ ቤድናርቺክ የምትባል ልጅ አጨ። ከሠርጉ አንድ ወር በፊት መጥቶ የእናቱን የኮመጠጠ የአጃ ሾርባ እየበላ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አባዬ፣ የአጋታን ስም ልወስድ ነው።»

«ሴት የባሏን ስም ስትወስድ ነው የማውቀው።»

«ሕጉ ይፈቅዳል። አባዬ፣ የራሴን መድኃኒት ቤት ልከፍት ነው። በሩ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ‹የጎደሎ ስፍር መድኃኒት ቤት› ልበል? ማን የልቡን መድኃኒት ከእኔ ይገዛል?»

ስቴፋንያ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በመሐረብ ያዘች። ልጁ የተናገረው እውነት ነው፤ እውነት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያማል።

«ቢያንስ» አለ ቴኦፊል፣ «ስሙ የድፍረት ስም መሆኑን እወቅ።»

«አያቴ የነገረህን ተረት ነው የምትለው?» አለ ቪቶልድ። «ማስረጃ አምጣልኝ። ማስረጃ ካመጣህ፣ ልጅ ስወልድ ሁለቱንም ስም አሰጠዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ሠርጉ ተደገሰ። ቪቶልድ ቤድናርቺክ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስቴፋንያ በሳንባ በሽታ ሞተች፤ ቪቶልድም ሃና የምትባል ሴት ልጅ ወለደ። ቴኦፊል ጡረታ ወጣ። አንድ ቀን ወረዳው ጽሕፈት ቤት መታወቂያ ሊያሳድስ ሲሄድ፣ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አይታ ፈገግ አለች።

«ያውቃሉ? በዚህ ስም በመላ አገሪቱ ያላችሁት ሁለት ናችሁ። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት።»

ሴቲቱ ፕሸምሽል ከተማ ገዳም የገባችው የአጎቱ ልጅ ነበረች፤ በገዳሙ የምትጠራው እህት ቤኒግና ተብላ ነው። መነኩሲት አትወልድም። ቴኦፊል ወጥቶ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብዙ ቆየ። ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም ነው ይባላል፤ የእሱ ስም ግን ከእሱ ጋር ሊቀበር ነው። ያኔ ነው ማስረጃውን ለመፈለግ የወሰነው።

የቆዩት የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ታርኑፍ ከተማ በቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ የተጻፉትም በላቲን ነው። ቴኦፊል ላቲን አያውቅም። የሚያውቀው ግን ላቲን የምታውቅ ሰው ነበር፦ የወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀድሞ አስተማሪ እትዬ ኮርኔልያ። ሰማንያ አልፏታል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከእህቷ የሚመጣላትን ደብዳቤ ያደረሰላት እሱ ነው። ጉዳዩን ሲነግራት አልተግደረደረችም።

«ቤት ተቀምጬ ሞቴን ከምጠብቅ ያንተን ሙታን ብፈልግ ይሻለኛል» አለችው።

ሁለት የብርድ ወራት ሙሉ በየሳምንቱ ማክሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ አብረው ይሄዱ ነበር። እሱ ገጹን ይገልጣል፤ እሷ በማጉያ መነጽር ታነባለች፤ እሱ ይጽፋል። ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት። በየስሙ ጎን የቤቱ ቁጥር አለ። ቴኦፊል እነዚያን ቁጥሮች ሲያይ የገዛ መንገዱን የሚሄድ ይመስለው ነበር፤ ከአንዳንዱ በቀር ዛሬም በዚያ ቁጥር የሚኖሩት የእነዚያው ሰዎች ዘሮች ናቸው።

የረሃቡ ዘመን የሞት መዝገብ ላይ ሲደርሱ እጁ ደከመ። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከትንሿ ግሩሾቫ ስድሳ አንድ ሰው ሞቷል። በምክንያቱ ዓምድ ላይ ቄሱ ደጋግሞ የጻፈው አንድ ቃል ነው፦ ረሃብ። ቤት ቁጥር አራት፣ ሦስት ሰው። ቤት ቁጥር አሥራ አንድ፣ አራት። ቤት ቁጥር ሃያ ሦስት፣ ግዚል፣ ሰባት ሰው፤ እናትየዋ፣ አምስት ልጆችና ስም ያልተጻፈላት አንዲት ሕፃን። ቴኦፊል እንደ ልማዱ በቁጥር ተራ አስተካክሎ ሲገለብጥ አንድ ነገር ታዘበ። ከአንድ እስከ ሠላሳ ካሉት ቤቶች ሬሳ ያልወጣበት ቤት አንድ ብቻ ነው። ቁጥር ዘጠኝ። ያ የእነሱ ቤት ነው።

«እግዚአብሔር ጠበቃቸው» አለ።

በዚያ ማክሰኞ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የዚያ ዘመን ቄስ በእጁ የጻፈውን የደብሩን ማስታወሻ አመጣላቸው። ኮርኔልያ ለራሷ እያነበበች ሁለት ገጽ ሄደችና መነጽሩን አስቀመጠች።

«ዛሬ ይብቃን። አውቶቡሱ ያመልጠናል።»

«አውቶቡሱ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል፤ እኔ የማላውቀው አውቶቡስ የለም። ስለ ሺሞን አገኙ አይደል? ይንገሩኝ።»

«ቴኦፊል፣ ይቅርብህ።»

«ደብዳቤ ተቀብሎ የሚደብቅ ሰው አልወድም፣ እትዬ ኮርኔልያ።»

እሷም ቀስ ብላ አነበበችለት። ቄሱ የጻፈው እንዲህ ነበር። የጎተራው ሹም ሺሞን ካንያ፣ ለተራቡት የመጣውን እህል ሲያድል፣ ታቹ ላይ ድርብ ወለል በተሠራለት ቁና ነበር የሚሰፍረው። ቁናው ከላይ ሲያዩት የሞላ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ሁለት ጣት ያህል ባዶ ነው። ከእያንዳንዱ ቁና የተረፈው እኩሌታው ወደ ጌታው ይገባል፤ እኩሌታው ወደ ገዛ ቤቱ። ሲደረስበት ጌታው ስላዳነው ሳይቀጣ ቀረ። «ሕዝቡ ግን» ይላል ቄሱ፣ «ካንያ ብሎ መጥራት ትቶ ኒየዶሚያራ ይለዋል። እኔም ከእንግዲህ ልጆቹን በመዝገብ የማሰፍረው በዚሁ ስም ነው፤ እንዳይረሳ።»

ቴኦፊል እርሳሱን ይዞ ቀረ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእነሱን ያወጡት የተራቡ ሰዎች ናቸው። ድሮ ካንያ ነበሩ። በመላ አገሪቱ በሺህ የሚቆጠሩ ካንያዎች አሉ፤ ማንም የማይስቅባቸው። የአባቱ ወሬ ከየት መጣ? ምናልባት ሺሞን ራሱ ፈጥሮት ይሆናል፤ ምናልባት ልጁ፣ ለልጆቹ የሚነግረው ሲያጣ። ግን ይህ ሁሉ ያን ያህል አላሳመመውም። ያሳመመው ቁጥር ዘጠኝ ነው። ያ እህል ባይሰረቅ ኖሮ እሱ ራሱ አይወለድም ነበር።

ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። በአራተኛው ቀን ወደ ቁጥር ሃያ ሦስት ሄደ። ሌኦካድያ ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ነበር። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ካሮት ታጥባለች።

«ስትመጣ አይቼ ደብዳቤ የመጣልኝ መስሎኝ ነበር» አለችው። «ጡረታ መውጣትህን ሁልጊዜ እረሳዋለሁ።»

«ሌኦካድያ፣ አባትሽ ያኔ ለምን እምቢ አለኝ?»

«ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬ ነው ያሳከከህ?»

«የሺሞንን ነገር አነበብኩ። ታርኑፍ።»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። «መጽሐፍ ላይ አለ እንዴ?» አለች፤ የገረማት ይህ ብቻ ነበር። «እኛ ቤት መጽሐፍ አላስፈለገንም። በገና ዋዜማ ማዕድ ላይ፣ ለማይመጣው እንግዳ ባዶ ሳህን እናስቀምጥ የለ? አባቴ እዚያ ሳህን ፊት ቆሞ ስድስቱን በየስማቸው ይጠራቸዋል። ከዚያ ‹በኒየዶሚያራ ቁና› ይልና ይቀመጣል። እኔ ጸሎት ይመስለኝ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ።»

«ሌላውስ ሰው ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል። ከእናንተ ቤት በቀር።»

«ለምን አንድ ሰው አልነገረኝም? ሠላሳ አራት ዓመት በየቤታችሁ ገብቻለሁ።»

«ምን ብለን እንንገርህ? አንተ ምን አደረግህ? ጥሩ ፖስተኛ ነበርክ።» ካሮቱን ወደ ቅርጫት ጣለች። «እናቴ ግን ካንተ እጅ ደብዳቤ ከተቀበለች በኋላ እጇን ትታጠብ ነበር። እስክትሞት ድረስ።»

ቴኦፊል ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «አንቺስ?» አለ።

«እኔ አልታጠብኩም» አለች። «ግን አላገባሁህም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ቴኦፊል የሚያደርገውን ሲያስብ ከረመ። በእነሱ አገር በኅዳር ወር በየቤተ ክርስቲያኑ የሙታን ስም በየተራ እየተነበበ ይጸለይላቸዋል። የረሃቡ ሙታን ግን ማንም አስጠርቷቸው አያውቅም፤ በጋራ ጉድጓድ ነው የተቀበሩት። የገለበጠውን ዝርዝር በጥሩ ወረቀት ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፉ ጽፎ ወደ ደብሩ አለቃ ወደ አባ ሲልቬስተር ወሰደው።

«መልካም ሥራ ነው» አሉ አባ። «ከማን ነው ልበል?»

«ከኒየዶሚያራ ቤተሰብ።»

«ቤተሰብ? ስንት ናችሁ?»

«እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ሲልቬስተር አነበቡ። «በታላቁ ረሃብ ለሞቱት የግሩሾቫ ሰዎች፤ ከኒየዶሚያራ ቤተሰብ።» በአግዳሚዎቹ ላይ ጭንቅላት ዞረ። ቴኦፊል ከኋላ ረድፍ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ይዞ ወለሉን ያያል። ስሞቹ ረጅም ጊዜ ወሰዱ። የግዚል ስድስቱ ሲጠሩ ሌኦካድያ በቦታዋ እንዳለች አልተንቀሳቀሰችም።

ውጪ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ሰው ቆሟል። ቴኦፊል ምን እንደጠበቀ ራሱም አያውቅም። ምስጋና አይደለም። ምናልባት አንድ ሰው መጥቶ ትከሻውን ቢነካው። የመጣው የሌኦካድያ ወንድም ልጅ ቦግዳን ነው፤ በመንደሩ ቀልደኛነቱ የታወቀ ትራክተር ነጂ።

«ጋሼ ቴኦፊል፣ ቆጠርኩ እኮ» አለ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ስድሳ አንድ ሲባል ነው ያደግነው። አባ ያነበቡት ሃምሳ ስምንት ነው። ሦስት ጎድሏል።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ብዙ አይደለም፤ ቀስ ያለ፣ በአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ።

«ምን ታደርጉታላችሁ» አለ ቦግዳን፣ «ሙሉ ሰፍረው አያውቁም።»

ቴኦፊል የሦስቱን ነገር ያውቃል። ስም ሳይወጣላቸው የሞቱ ሕፃናት ናቸው፤ መዝገቡ ላይ «ሕፃን» ብቻ ተብሎ ተጽፏል። ስም የሌለውን እንዴት አድርጎ ያስጠራል? ስለዚህ ዘለላቸው። ይህን ለመናገር አፉን ከፈተ። አንዷ የቦግዳን የራሱ ዘር ናት፤ ከቁጥር ሃያ ሦስት የወጣች፣ ሰባተኛ መሆን የሚገባት፤ ግዚሎችም የማያውቋት። ቢነግረው የሚሆነውን አሰበ። ሕፃኒቱን አንስቶ በቀልደኛ ፊት ላይ መወርወር ሆነበት። አፉን ዘጋ፤ ባርኔጣውን አደረገ፤ ሄደ። ማክሰኞ ለአባ ሲልቬስተር «ሦስት ሕፃናት» የሚል ብጣሽ ወረቀት ሰጣቸው። በሚቀጥለው እሑድ ተነበበ፤ ያን ቀን የቆጠረ ሰው አልነበረም።

በገና ማግስት ቪቶልድ ከሚስቱና ከልጁ ጋር መጣ። ሃና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከገና ዛፉ ሥር ወረቀት እየቀደደች ትጫወታለች። ቪቶልድ የአባቱን ፍለጋ በስልክ ሲሰማ ከርሞ ነበርና ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ ጠየቀ።

«ማስረጃው እንዴት ሆነ? እኔ ቃሌን አልረሳሁም። መድኃኒት ቤቱም ስም አውጥቷል፤ አሁን ማንም አይስቅብንም። ሃና ኒየዶሚያራ ቤድናርቺክ ብትባል አጋታም አትጠላም።»

አጋታ ከወጥ ቤት «አልጠላም» አለች።

ቴኦፊል ውሸት አዘጋጅቶ ነበር። መዝገቡ በጦርነቱ ተቃጥሏል ሊል ነበር፤ ብዙ መዝገብ በእርግጥ ተቃጥሏል፤ ማን ይጠይቀዋል? ወይም አባቱ ያወራውን እንዳለ ተጽፎ አገኘሁት ሊል ይችላል። ያኔ ስሙ ይተርፋል። ልጅቱ ይዛው ታድጋለች፣ አንድ ቀን ግሩሾቫ ትመጣለች፣ አንድ ቦግዳን ደግሞ ደጀ ሰላም ላይ ይጠብቃታል።

ልጁን ወደ ጓዳ ጠርቶ የገለበጠውን ሰጠው። ቪቶልድ ቆሞ አነበበ፤ ሁለት ጊዜ አነበበ። የቤቶቹን ዝርዝር ሲያይ ጣቱ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ቆመ።

«እኛ ነን?»

«እኛ ነን።»

ቪቶልድ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። ክፋት አልነበረበትም፤ ድካም እንጂ።

«እንኳን ቀየርኩት» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ለሃና አትንገራት፣ አባዬ። እባክህ።»

«አልነግራትም።»

ምሳ በሉ፤ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ ነበር፣ አጋታ የሠራችው። ስለ መንገዱ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ሃና ጥርስ አወሩ። ሳይመሽ ተነሥተው ሄዱ። ቴኦፊል መኪናው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር በር ላይ ቆመ፤ ከዚያ ገብቶ ሳህኖቹን አጠበ።

በጸደይ ከፕሸምሽል ገዳም ደብዳቤ መጣ። አዲሱ ፖስተኛ ሳጥኑ ውስጥ ሳይጥለው በእጁ ሰጠው፤ ጥቁር ጠርዝ ያለው ፖስታ እንዲያ ነው የሚሰጠው፣ ራሱ ቴኦፊል ያስተማረው ነው። እህት ቤኒግና አርፋለች። ደብዳቤውን የጻፉት እናት አለቃ «ቤተሰቡን እግዚአብሔር ያጽናናው» ብለዋል።

ቴኦፊል ዛሬም ቁጥር ዘጠኝ ይኖራል። በመንደሩ የሚጠሩት በስሙ ሳይሆን ፖስተኛው ብለው ነው፤ ድሮም እንደዚያ ነበር፣ አሁን ግን ለምን እንደሆነ ያውቃል። ሌኦካድያ መንገድ ላይ ስታገኘው ደህና ዋልክ ትለዋለች። እሱም ባርኔጣውን ከፍ ያደርግላታል። ሁለቱም አይቆሙም።